በሰው አፍ

ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ሁሉ የምጠላው አንድ ምዕራፍ ነው፤ ዳይሬክት ስፒችን ወደ ኢንዳይሬክት ስፒች መለወጥ። የአንዱ ሰው ቃል በሌላው ሰው አፍ ሲነገር ምን እንደሚሆን የሚያስተምረውን ማለቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬዋለሁ። በየዓመቱ ተራው ሲደርስ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት እቆምና «እኔ» እንዴት «እሱ» እንደሚሆን፣ «ዛሬ» እንዴት «በዚያን ቀን» እንደሚሆን፣ «አሁን» ያልነው እንዴት «ያኔ» ሆኖ እንደሚቀር አስረዳለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ትምህርት እንደ እሷ የሚያስረዳ የለም ይሉ ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ባስረዳሁ ቁጥር ያስተማረኝ ሰው ትዝ ይለኝና ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ እውላለሁ።

ያስተማረኝ እንደኔው አስተማሪ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ነው፤ ቦታው ዲላ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ታችኛው ክፍል ላሉ ሕፃናት ፊደልና ሒሳብ አስተምራለሁ። እሱ ላይኛው ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራል። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ትውልዱ ኮቸሬ፣ ሬኮ ከሚባለው አገር። ወላጆቹ ቡና ገበሬዎች ናቸው፤ ያሳደጉት አጎቱ ደግሞ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚስቀው፤ የሳቀ ዕለት ግን የሳቀበት ነገር እኛንም ያስቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከተለቀቁ ወዲያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ያሰብነውን የመንግሥት ሠራተኞች ሰብስቦ ያስተምረን ነበር። አንድ ፖሊስ፣ አንድ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ጥቂት አስተማሪዎች ሆነን በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንቀመጣለን። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። ለምን ትደክማለህ ስንለው ቤት ሄጄ ከግድግዳ ጋር ከማወራ ይሻላል ይለናል።

ያንን ምዕራፍ ሲያስተምር ሦስት ሰው ያስነሳል። አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ አድራሽ፣ አንዱ ተቀባይ ይሆናል። ተናጋሪው «ቡናው አልደረቀም፤ አልገዛም» ይላል እንበል። አድራሹ ወደ ተቀባዩ ሄዶ ነጋዴው ቡናው እንዳልደረቀና እንደማይገዛ መናገሩን በእንግሊዝኛ ማድረስ አለበት። ለፈረንጅ ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን አበሳ ነበር። በእኛ ቋንቋ መልእክተኛ የሰውየውን ቃል እንዳለ ይዞት ነው የሚሄደው። «እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ የሚመጣው ግን ተናጋሪው እንጂ አድራሹ አይደለም፣ ይህንንም ማንም አይስተውም። ፖሊሳችን በእንግሊዝኛም እንደዚያው ያደርገዋል። ቡና አልገዛም ሲል አስተማሪያችን፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቡና መነገድ የጀመርከው ብሎ ይጠይቀዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

እኔን ብዙውን ጊዜ አድራሽ ያደርገኝ ነበር። ድምፅሽ ይሰማል ይላል። ሰበብ እንደሆነ ግን እኔም አውቃለሁ፣ ድሬሰሩም ያውቃል። ከትምህርት በኋላ እስከ ዋናው መንገድ አብረን እንወርዳለን። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ነው፤ ብስክሌቱ ምንጊዜም በእሱና በእኔ መሀል ነው። ሰው ቢያይ ምንም የሚለው እንዳይኖር መሆኑ ነው። ሊሳፈርበት ሲችል ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ግን ዲላ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ያዘንና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምን። ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ አውቶቡስ ጭቃውን እየረጨ አለፈ። እሱ አውቶቡሱን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣

«ሰው ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?» አለኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «እሱን አባቴ ያውቃሉ» አልኩት።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ያደገች ሴት «አባቴ ያውቃሉ» ስትል ደስ ብሎኛል ማለቷ ነው። ደስ ካላላት «እኔ መማር ነው የምፈልገው» ትላለች። ይህንን ከእናቴ አፍ አልተማርኩትም፤ እንዲሁ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱም የገባው መስሎኛል፤ ብስክሌቱን ሲያዞር የራሱን ቅልጥም በፔዳሉ መታው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኖ እያነከሰ ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ቤቴ ድረስ ዝናቡ መምታቱን አላስተዋልኩም።

አባቴ ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ፣ ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ወግ ሲጓደል ግን ደግነታቸው ሁሉ ይጠፋል። ሽማግሌ ሊመጣ ነው የሚለውን ወሬ ከሰሙ በኋላ ቤት ውስጥ ጥቂት አጉረመረሙ። የሚሲዮን ሰው ነው፣ ወገኖቹን አናውቃቸውም፣ ጾሙን እንዴት ሊያደርጉት ነው አሉ። እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰችላቸው። ልጁ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ደሞዙን አያባክንም፣ የሚጠራውም ያንኑ ክርስቶስ ነው አለቻቸው። አባቴ መልስ ሲያጡ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። እናቴ ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሆኑን ነገረችኝ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት መጡ። አጎቱ፣ አንድ ወንጌላዊና ከጪጩ የመጡ አንድ ቡና ነጋዴ ነበሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው በኩል እሰማለሁ። በወጉ መሠረት ቆመው ጀመሩ፤ አባቴ ተቀመጡ አሏቸው። እናቴ ጠላ ብታቀርብ አንነካም አሉ። እሷም ደንግጣ ሻይ ለማፍላት ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ምን ዓይነት ሴት ነኝ፣ ይህንን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ እያለች ስኳሩን ፈለገች። አጎትየው ረጋ ባለ ድምፅ፣ በጌዴኦኛ ዜማ በሚናገሩት አማርኛ ልጃቸውን አመሰገኑ፤ እኔንም ለእሱ ጠየቁ። ነገር አላስረዘሙም።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቷ ገና ልጅ ናት፤ የምንሰጠው ልጅ የለንም» አሉ።

ይህ ደንቡ ነው። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። በመጀመሪያው ቀን የሰጠ አባት ልጁ በዝታበት ነበር፣ ጉድ ቢኖርባት ነው ይባላል። ስለዚህ አባት እምቢ ይላል፤ ሽማግሌ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ይመጣል፤ ዘመድ እናማክር ይባላል፤ ሦስተኛ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እሺ ይባላል። ደጅ ይጠናል። ገና ልጅ ናት የተባልኩት የሃያ ሁለት ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ደሞዝ የምበላ፣ ጓዳ ሆኜ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ስስቅ ነበር። አባቴ እንግዶቹን ሊሸኙ ተነሡ። ያካፋ ስለነበር ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጎትየውን እስከ መንገዱ ድረስ ራሳቸው አደረሷቸው። ልጁን የሚከለክል ሰው በዝናብ እንግዳ አይሸኝም። እናቴ መጥታ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

በማግስቱ አባቴ ከገበያ ማር ገዝተው መጡ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እናቴ ግን ገብቷታል፤ ለማይጠጡት ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ ብርዝ እበጠብጥላቸዋለሁ ብላ ማሩን አስቀመጠችው።

በተከታዩ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። በሌላውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ጋዜጣ ይዘው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ የውጪው በር በተንኳኳ ቁጥር ጋዜጣውን ከፍ ያደርጋሉ። ጎረቤት መሆኑን ሲያዩ ዝቅ ያደርጉታል። እየጠበቁ ነው ወይ ብትላቸው ቤት ለቀው ይሄዳሉና እናቴም ዝም አለች።

ትምህርት ቤት ደግሞ እሱ ተለወጠ። አድራሽ ማድረጉን ተወ። ትምህርቱ ሲያልቅ እኔ ደብተሬን ሳልሰበስብ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ሰላምታው አጭር ነው፤ ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል። እኔስ ምን አሰብኩ? እንዴት ያለ ጨዋ ነው አልኩ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ልጅቷን ይዞ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ባለጌ ነው፤ እሱ ወጉን ያውቃል ብዬ በልቤ አመሰገንኩት። አንዳንዴም ሆን ብዬ ራቅ እልለታለሁ፤ ክብሩን እንድጠብቅለት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። ሰውየው ከፊቴ እየነደደ እኔ ጨዋነቱን አደንቃለሁ።

ሳምንቱ ወር ሲሆን አባቴ መናደድ ጀመሩ። ደጅ ሳይጠና ልጅ ይሰጠኝ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው፣ አንድ ቀን ብቅ ብሎ እንደ ገበያ ሰው ዋጋ ጠይቆ የሚሄድ አሉ። እናቴ ወደ ሬኮ የሚሄድ ሰው ይፈለግና ጠጋ ብሎ ይጠይቅ ብትል አባቴ ቆሽታቸው አረረ። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት አይተሽ ታውቂያለሽ ብለው አፈጠጡባት። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። የእኔ ዝምታ ከውስጥ ተበልቶ ዱቄት ሲሆን ይታወቀኝ ነበር፤ ግን በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ አፏን አትከፍትም፤ እኔም የቤቱ ልጅ ነበርኩ።

የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ዝውውር ጠየቀ ተባለ። የነገረኝ ድሬሰሩ ነው፤ ፊቴን እያየ ነው የነገረኝ። በአስተማሪዎች ክፍል ደግሞ ሁሉም ነገሩ የገባው መስሎት ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ለሚሲዮን ልጅ ይሰጣል ብሎ ነው እንዴ ድሮስ ይላሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። በመጨረሻው ቀን ከሁላችንም ጋር ተጨባበጠ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን ትንሽ አቆይቶ፣ ፈተናውን እንዳልተወው አደራ አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ያ ሁሉ ነገር ሆኖ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ተናደድኩበት። ቀላል ሰው ነው፣ ለአንድ እምቢታ የሚሸነፍ ወንድ ቢቀርስ አልኩ። እንደዚያ ማለት ስለሚቀል ነው እንጂ ማታ ማታ ማልቀሴ አልቀረም። ማሩን እናቴ ለጉንፋን መድኃኒት አደረገችው።

በዓመቱ የአንድ የዲላ ነጋዴ ሽማግሌዎች መጡ። ወጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። አንድ ጊዜ መጡ፣ እምቢ ተባሉ፤ ደግመው መጡ፣ ውጪ ብዙ ቆሙ፤ ሦስተኛ ሲመጡ የአባቴ ፊት እንደ መስቀል አበባ ፈክቶ ነበር። እንዲህ ነው ሰው ማለት አሉ። እኔንም ምን ትያለሽ ያለኝ የለም፤ ቢሉኝም አባቴ ያውቃሉ ነበር የምለው። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፣ ትምህርቴንም አልከለከለኝም፣ ፈተናውንም ወስጄ አለፍኩ። በእሱ ላይ የማቀርበው ክስ የለኝም። ሆኖም በየጠዋቱ ከማን አጠገብ እንደምነቃ የወሰነው ደጅ ላይ ማን ብዙ ጊዜ እንደቆመ ነው፤ ይህንን መርሳት አልቻልኩም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የስድሳ ስድስቱ ለውጥ ገና ሳይመጣ፣ ይርጋጨፌ ለቅሶ ደርሼ ወደ ዲላ በአውቶቡስ ስመለስ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙና አተኩረው አዩኝ። አጎትየው ነበሩ። እኔ ሳላውቃቸው እሳቸው አወቁኝ፤ የጸሐፊው ልጅ አይደለህም ወይ አሉኝ። አማርኛን ካደጉ በኋላ የተማሩት ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔም ሰላምታዬን አቀረብኩ። ከዚያ የቆየውን ንዴቴን መቻል አቃተኝ።

«አባባ፣ አንድ ቀን መጥታችሁ እንደዚያው ቀራችሁ» አልኳቸው። «አባቴ እኮ ስንት እሑድ በረንዳ ላይ ጠበቋችሁ።»

ግራ ገባቸው። አባትየው እምቢ እንዳሉ፣ የምንሰጠው ልጅ የለንም እንዳሉ፣ እሳቸውም ቃሉን አንድም ሳያጎድሉ ለልጃቸው እንዳደረሱ ነገሩኝ። እኔም ደንቡን አስረዳኋቸው። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ፣ ጃንጥላው ምን ማለት እንደነበር፣ ማሩ፣ ብርዙ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉንም። እየነገርኳቸው ድምፄ ከፍ እያለ ሄዶ ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩኝ።

ሽማግሌው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኛ ደጅ መጥናት እናውቃለን ልጄ» አሉ። «ለመሬት ጠንተናል፣ ለፍርድ ጠንተናል። አባትህም ቢሮ ቆመናል፤ ነገ ኑ ይሉናል፣ ነገም ነገ ኑ ይሉናል። ያ ቤት እምቢ ሲል እኛ እምቢ ነው ብለን ሰማን። ለልጃችን ሚስት ደግሞ እንደዚያ አንቆምም አልን።»

እኔ ደጅ መጥናትን የማውቀው ከጓዳ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ አፌን አፍኜ እየሳቅኩ። አባቴ ቢሮ በረንዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡትን ገበሬዎች ምሳ ላደርስ ስሄድ በመካከላቸው አልፌ ነበር የምገባው። ከእነሱ መሀል እሳቸው ይኑሩ አይኑሩ አላየሁም። አባቴ ክብር ሲጠብቁ ኖረው ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ክብራቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ማንን ልቆጣ? እስካሁንም አላወቅኩም።

አውቶቡሱ ጪጩን ሲያልፍ ሽማግሌው እንደገና ተናገሩ። ልጃቸው ያን ዕለት ማታ ወሬውን ሲነግሩት አባትየውን አልተሳደበም፣ አላዘነም ለማለትም አይቻልም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ አሉ።

«ምን ብሎ?» አልኩ።

«እሷስ ምን አለች? አለኝ። እኔም አልጠየቅንም አልኩት። አባት እያለ አንተን ማን ይጠይቃል።»

መስኮቱን አየሁ። አባባ፣ እሺ ነበር የምለው አልኳቸው። በሕይወቴ ስለ ራሴ ጋብቻ የተናገርኩት ቃል ይኸው ነው፤ ያኔም የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው በሄደበት አገር ማግባቱን፣ ወንድ ልጅ መውለዱን፣ ሚስቱም መልካም ሴት መሆኗን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከዚያ እንደ ሽማግሌነታቸው፣ የተሰጣቸውን ቃል የትም ጥለው እንደማያውቁ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ይህን ቃል አሁን ለማን ላድርስልህ ልጄ?» አሉኝ።

ለማንም አልኳቸው። ዲላ ስንደርስ እጃቸውን ይዤ ከአውቶቡሱ አወረድኳቸው፤ እሳቸው ወደ ገበያው ሄዱ፣ እኔም ወደ ቤቴ።